ከቆጣሪው ወዲህ

ሙያዬ ሳኒቴሪያን ነው። የዛሬ ልጆች ስሙን አያውቁትም፤ አሁን «የአካባቢ ጤና ባለሙያ» ይባላል። በእኛ ጊዜ ሕዝቡ «ሽንት ቤት ቆጣሪ» ይለን ነበር። እውነትም እንቆጥር ስለነበር ቅር ብሎኝ አያውቅም። የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ሦስት ዓይነት ባለሙያ ለማውጣት ነበር፦ የጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒቴሪያን። ሦስቱ አንድ ጤና ጣቢያ አብረው ይመደባሉ። መኮንኑ ያክማል፣ ነርሷ እናትና ሕፃን ትከታተላለች፣ ሳኒቴሪያኑ ደግሞ በሽታው ከየት እንደተነሣ ፍለጋ በእግሩ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ፍለጋው የሚያልቀው ውሃ ዳር ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው በኩል ነው። ሙያ ጡረታ አይወጣም መሰለኝ፣ የጎረቤት ልጅ ሆዱን ባመመው ቁጥር እናቱ በሬን ታንኳኳለች። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ጋሼ፣ የቧንቧው ውሃ ይጠጣል?»

መልሴ ሰው ያናድዳል። «የትኛው ቧንቧ?» እላለሁ።

ምክንያቴን ላስረዳ። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ሲወጡ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ገፈርሳ አለ። በ1930ዎቹ የተሠራ የከተማዋ አንጋፋ ግድብ ነው፤ ማጣሪያው በቀን 30 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንዲያወጣ ታስቦ የተተከለ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲ ሲጨመር፣ ኋላም የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ሲቆፈሩ የገፈርሳ ድርሻ እያነሰ ሄደ። የምዕራቡ ሰፈር ሰው ግን ዛሬም ውሃ ሲጠፋ «ገፈርሳ ምን ሆነ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

በማጣሪያው ውስጥ የሚሠራው ሥራ ምስጢር የለውም። ውሃው ላይ አሉም ይጨመራል፤ ጭቃው እርስ በርሱ እየተያያዘ ይዘቅጣል። ከዚያ በአሸዋ ያልፋል። በመጨረሻ ክሎሪን ይጨመርበታል። ክሎሪኑ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ያለውን ተሕዋስ መግደል ነው። ሁለተኛውን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። ክሎሪን ትንሽ ተርፎ ከውሃው ጋር ቧንቧ ውስጥ ይጓዛል፤ መንገድ ላይ የሚገባውንም ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውሃው ከክሎሪን ጋር 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም ሊተርፍ ይገባል፤ ሰው የሚቀዳበት ቧንቧ ሲደርስ ደግሞ ከ0.2 እንዳያንስ ይላል። የኢትዮጵያ አስገዳጅ የመጠጥ ውሃ ደረጃም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ማለትም ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም በማይበልጥ ውሃ ውስጥ፣ አንዲት ኢ. ኮላይ እንኳ እንድትገኝ አይፈቅድም። ኢ. ኮላይ ተገኘች ማለት ዓይነ ምድር ገብቷል ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የላትም።

እንግዲህ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ውሃውን አጣርቶ፣ መርምሮ፣ ገፍቶ ያመጣና ቆጣሪው ላይ ያስረክባል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ቧንቧ፣ ታንከር፣ ሞተርና ጎማ የደንበኛው ነው። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቆጣሪ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ኮልፌ ቀራንዮ ግን በ1999ኙ ቆጠራ ብቻ ከ420 ሺህ በላይ ሕዝብ የተመዘገበበት ክፍለ ከተማ ነው። በድሮው የቀበሌ ቤቶች ግቢ አንድ ቧንቧ ለሁሉም ነው። በኮልፌና በዘነበወርቅ የተከራየ ሁሉ ያውቀዋል፣ አከራዩ ቁልፉን ይዞ ጠዋትና ማታ ይከፍታል። ቦኖም አለ። እንደ ሚኪሊላንድ ያሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ደግሞ ውሃውን መሬት ላይ በታንከር ተቀብለው በሞተር ወደ ላይ ይገፋሉ። እነዚህ ሁሉ በእኛ ሙያ ዓይን ትንንሽ የማኅበረሰብ የውሃ ተቋማት ናቸው። ውሃ ይቀበላሉ፣ ያከማቻሉ፣ ያከፋፍላሉ፣ ገንዘብ ይሰበስባሉ። ሥራ አስኪያጅ ግን የላቸውም።

አደጋው የሚጀምረው ውሃው በፈረቃ ከመምጣቱ ነው። ቧንቧ በውሃ ተሞልቶ፣ ግፊቱ ጠንክሮ ሲውል ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ ከውጭ ምንም አይገባበትም። ውሃው ሲቋረጥ ነገሩ ይገለበጣል። የቆላው ሰፈር ሰው ቧንቧውን ከፍቶ የቀረውን ሲያወርደው የደጋው ቧንቧ ባዶ ይቀራል፤ ባዶ ቧንቧ ደግሞ ልጅ ለስላሳ በቀሰም እንደሚስብ ከዙሪያው ያለውን እርጥበት በቀዳዳው ይስባል። ዙሪያው ምን አለ? በየሰፈራችን የውሃ ቧንቧና የፍሳሽ ቦይ ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ ነው የሚያልፉት። ከጉድጓድ ሽንት ቤት ሥር የሚያልፍም አይቻለሁ። ስለዚህ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣውን የመጀመሪያ ውሃ ለመጠጥ አትቅዱ። ለወለል፣ ለሽንት ቤት፣ ለልብስ ይሁን። ጥርት ሲል ጀሪካኑን አቅርቡ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ውሃው ሲመለስ አንዳንዴ እንደ አጓት ነጣ ብሎ ይመጣል፤ ሰውም «ክሎሪን አበዙበት» ብሎ ይደፋዋል። ያ ክሎሪን አይደለም። ባዶው ቧንቧ ውስጥ የነበረ አየር ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ነው። በብርጭቆ ቀድታችሁ አስቀምጡት፤ ከሥሩ ወደ ላይ እየጠራ ይሄዳል። ቡናማው የብረት ቧንቧ ዝገት ነው፤ የሚያስጠላውን ያህል አይጎዳም። የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በዓይን ፈርዶ መጠጣት ዋጋ የሚያስከፍለውም ለዚህ ነው።

ወደ ታንከሩ ልመለስ። በአንድ የጋራ መኖሪያ ውስጥ የአንድ ብሎክ ልጆች ተከታትለው ተቅማጥ ስለያዛቸው ና እየን ተብዬ ሄድኩ። የክሎሪን መለኪያዬ አብራኝ ነበረች፤ ከኪስ ቦርሳ የማትበልጥ ሳጥን ናት። ውሃ ትቀዱበታላችሁ፣ ዲፒዲ የምትባለውን እንክብል ትጨምራላችሁ፣ ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ቀለሙ በጠነከረ ቁጥር ክሎሪኑ በዝቷል፤ ጎኑ ላይ ካለው የቀለም መለኪያ ጋር አስተያይቶ ቁጥሩን ማንበብ ነው። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ቆጣሪው ጋ ስለካ 0.3 አሳየኝ፣ ደህና ነው። ከታንከሩ በኋላ ካለው ቧንቧ ስለካ እንክብሉ ሟሟ፣ ውሃው ግን እንደነበረ ቀረ። ዜሮ።

ጥበቃውን ጠየቅሁት። «ይህ ታንከር መቼ ታጠበ?»

«እኔ ከመጣሁ አልታጠበም ጋሼ።»

«አንተ መቼ መጣህ?»

«ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።»

መሰላል አመጣልኝ። ክዳኑን ንፋስ ከወሰደው ቆይቷል፤ በቦታው ቁራጭ ቆርቆሮ ተደርጎ ድንጋይ ተጭኖበታል። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቱቦ ወንፊት የለውም፤ ርግብ ባይገባበትም አይጥ ይገባበታል። ባትሪ አብርቼ ሳይ ሥሩ ላይ ጣት የሚያሰምጥ ደለል አለ፤ ላባም ይንሳፈፋል። ክሎሪኑ የት እንደገባ ለማወቅ ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልግም። ክሎሪን ቆሻሻ ካገኘ እዚያው ሲታገል ያልቃል፤ ለተሕዋሱ የሚተርፍ አይኖረውም። ልጆቹን ያሳመመው ይኸው ነው ብዬ አልማልኩም፤ ናሙና ቤተ ሙከራ ሳይገባ እንዲህ አይባልም። ደህና ሆኖ ቆጣሪው ድረስ የመጣው ውሃ ታንከሩ ውስጥ መከላከያውን እንዳጣ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጨዋ ሰው ናቸው። «እኛ እኮ ውሃ አናመርትም፤ የመጣውን ነው የምናከፋፍለው» አሉኝ። ይህን አነጋገር ከሃምሳ ኮሚቴ ሰምቼዋለሁ። ሕጉ ግን ከጥንት ጀምሮ እንዲህ አያስብም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሕብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200 ከምንጭም ሆነ ከጉድጓድ ወይም በቧንቧ ለሕዝብ የሚቀርብ ውሃ ጥራቱ በጤና ባለሥልጣን ካልተረጋገጠ አገልግሎት መስጠት ክልክል ነው ብሎ ነበር። አዋጅ በደነገገውና ኮሚቴ በሚሠራው መካከል ያለው ርቀት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያንን ርቀት የሚሞላው ሰው አይመደብለትም።

በዚያው በ1992 ዓ.ም.፣ ግንቦት ላይ፣ በካናዳ ኦንታሪዮ ዎከርተን በምትባል 5 ሺህ ያህል ሰው በሚኖርባት ትንሽ ከተማ የሆነውን ለሊቀ መንበሩ ነገርኳቸው። ለእናንተም ልድገመው፤ ከማውቃቸው የውሃ ታሪኮች ሁሉ የእኛን ኮሚቴዎች የሚመስለው እርሱ ነው። ከተማዋ ውሃ የምታገኘው ከጉድጓዶች ነበር። ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ ከአንድ ጉድጓድ አጠገብ ካለ እርሻ የከብት ፍግ ወደ ውሃው ገባ። ክሎሪን በልኩ ቢጨመርና ቢለካ ኖሮ አደጋው በዚያው በቀረ። የውሃው ሠራተኞች ግን ለዓመታት ከሚገባው በታች ሲጨምሩ ኖረዋል፤ ነዋሪው የክሎሪኑ ጣዕም አልተመቸንም ይል ነበር፣ ራሳቸውም የጉድጓዱን ውሃ ያለ ክሎሪን ይጠጡት ነበር። ስለዚህ ሳይለኩ መዝገቡ ላይ በየቀኑ 0.5 ወይም 0.75 እያሉ ይጽፋሉ። መዝገቡን የገለጠ ሰው የተስተካከለ ሥራ ያያል። ቤተ ሙከራው ውሃው ተበክሏል ብሎ ሲያስታውቅ እንኳ ኃላፊው ለጤና መሥሪያ ቤቱ ውሃው ደህና ነው አለ። 7 ሰዎች ሞቱ፤ 2,300 ያህሉ ታመሙ። አገሩ ካናዳ ነው፤ ገንዘብም ላቦራቶሪም አልጎደለም። ሊቀ መንበሩ ዝም ብለው ሰሙኝና «እኛ እንግዲህ መዝገቡም የለንም» አሉ። ሳቅን። ሳቁ ግን ደስ አይልም ነበር።

ደብተር እንዲከፈት የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው። የ30 ገጽ የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ውሃው ከመስመር ነው ወይስ ከቦቴ፣ የክሎሪን ንባቡ ቆጣሪው ላይና ከታንከሩ በኋላ፣ የለካው ሰው ፊርማ። ታንከር ሲታጠብ፣ ቧንቧ ሲጠገን፣ ክዳን ሲቀየር እዚያው ይጻፋል። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ያልተለካ አይጻፍም። ቀኑ ባዶ ይሁን። ባዶ ቀን ለሚያነብ ሰው ይናገራል፤ የፈጠራ ቁጥር ግን እንደ ዎከርተን ያስተኛል። አንዳንድ ኮሚቴ ለጉብኝት ሲባል ማታ ቁጭ ብሎ የወር መዝገብ በአንድ እስክሪብቶ ሲሞላ አይቻለሁ። ቀለሙ አንድ፣ ጽሕፈቱ አንድ፣ ንባቡም አንድ። እንዲህ ያለውን ደብተር ከማስቀመጥ ወረቀቱን ለበርበሬ መጠቅለያ ማድረግ ይሻላል።

ታንከር አስተጣጠቡንም በግምት አትሥሩት። መጀመሪያ ባዶ አድርጉት፤ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉ፤ ደለሉን አውጡና አለቅልቁ። ሰው ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ብቻውን አይግባ፤ የተዘጋ ታንከር አየር ያሳጥራል፣ ከላይ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ትሞሉና ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር ሽታ ያልተጨመረበት 5 ከመቶ በረኪና 1 ሊትር ትጨምራላችሁ። ያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ የሚጠጣ አይደለም። አንድ ቀን ይቆይ፣ ነዋሪው ሁሉ ይነገረው፣ ከዚያ ይደፋ፣ ቧንቧውም ይታጠብ። እንደገና ሲሞላ በመለኪያዋ ለኩ። ክዳኑ ላይ ቁልፍ፣ ትርፍ ማስወጫው ላይ ወንፊት አድርጉ። ከታንከሩ 30 ሜትር ባልሞላ ርቀት ላይ የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለ፣ በተለይ ታንከሩ መሬት ውስጥ የተቀበረ ከሆነ፣ ስንጥቅ እንዳለው አስመርምሩ። ረጲ ቆሼ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ፣ ውሃ በጠፋ ቁጥር በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ወደ መጠጣት አትመለሱ፤ ለአሥርት ዓመታት የተከመረ ቆሻሻ ሥሩ ምን እንደሚያወርድ ለማወቅ መሃንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ቦቴ የሚያስመጣ ግቢ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ከየት ቀዳህ፣ ቦቴው ሌላ ጊዜ ምን ይጭናል፣ ክሎሪን አለው ወይ። ሾፌሩ ቢቆጣም ሳይገለበጥ ለኩት። ከተገለበጠ በኋላ መለካት ለደብተር ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ቤት ከገባ በኋላ ያለው ደግሞ የእናቶች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ የሚተው ነገር ነው፤ ተገቢ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በመላ አገሪቱ የውሃ ጥራት ሲመረምር፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ውሃ ከተቀዳበት ቦታ ይልቅ በኢ. ኮላይ ተበክሎ ነው የተገኘው። ለምን? የዘይት የነበረው ቢጫ ጀሪካን ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ኩባያው ከነእጃችን በርሜል ውስጥ ይጠልቃል፤ ጎማው መሬት ላይ ተጎትቶ ጫፉ ጀሪካን ውስጥ ይገባል። ጀሪካኑን ጠጠርና ሳሙና ጨምራችሁ ነቅንቁት፤ እናቶቻችን ያውቁበታል፣ ተውነው እንጂ። ለመጠጥ አፈ ጠባብ ወይም ቧንቧ ያለው ዕቃ ይሁን።

የቧንቧችሁ ክሎሪን ዜሮ ከሆነ ደግሞ ውሃ አጋር፣ ቢሻን ጋሪ ወይም አኳታብስ አለ። ልኩ በየማሸጊያው ተጽፏል፤ ከጨመራችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ አስቀድማችሁ አጥልሉት፤ ቢሻን ጋሪ ጭቃውንም አብሮ ያዘቅጣል። ለሕፃናት ግን እኔ ማፍላትን እመርጣለሁ። በከተማችን ሆድ የሚያመውን ጃርዲያ ክሎሪን ቶሎ አይገድለውም፤ ሙቀት ግን ይገድለዋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ያህል ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ አቆዩት። እንፋሎት ታይቶ ከእሳት ማውረድ ማሞቅ ነው፤ ማፍላት አይደለም።

በሰኔ 2008 ዓ.ም. አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አዲስ አበባ ሲገባ ይህን ሁሉ ሰው ያደርግ ነበር። በየሬዲዮው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ይነገር ነበር። ታንከር ታጠበ፣ እጅ ታጠበ፣ ወሬው ሲበርድ ሁሉም ወደነበረበት ተመለሰ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምት በአገራችን ደኅንነቱ በተጠበቀ መንገድ ውሃ የሚያገኘው ሕዝብ 13 ከመቶ ገደማ ነው። ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ገጠሩን ብቻ ያስባል። እኔ የማስበው ያንን የቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ቧንቧ አለ ተብሎ የተቆጠረ፣ ቆጣሪ ያለው፣ በየወሩ የሚከፍል ሰው የሚጠጣበት ታንከር።

ያ ኮሚቴ በመጨረሻ ክዳን ገዛ፣ ታንከሩንም አሳጠበ። መለኪያውን ግን «በሚቀጥለው በጀት» አሉ። ለጥበቃው የእኔን አውሼዋለሁ፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይለካል፣ ይጽፋል። ጽሕፈቱ ያምራል።

እናንተም በሚቀጥለው የብሎክ ወይም የግቢ ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዙ፦ ቁልፍ ያለው ክዳን፣ አንድ የክሎሪን መለኪያ፣ አንድ ደብተር፣ በቃለ ጉባኤ የተጻፈ የአንድ ሰው ስም። የሚጎድለውን ከወር መዋጮው ላይ ቀንሱ። ከቆጣሪው በላይ ላለው የተሰበረ ቧንቧ 906 ይደወላል፤ ከቆጣሪው ወዲህ ላለው ግን የሚደወልለት ሰው ከእናንተው መካከል መሆን አለበት፣ ዛሬውኑ ምረጡት።